አሥራ አምስተኛው ጋዋን

ጋዋኑ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ስንት ክረምት አልፎበታል፣ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ ብል እንዳይበላው ስንት ናፍታሊን ጎዝጉዤለታለሁ፤ ያ ሽታ ግን አልለቀቀውም። ትናንት ከሻንጣዬ ሥር አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ጥቁሩ ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልተተረተረም። ጆንያ ሲሰፋ የኖረ እጅ የሰፋው ልብስ በቀላሉ አይለቅም።

እንዳወጣው ያደረገኝ አንድ ስልክ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ስለሆነ፣ ከዋናው ግቢ፣ ከዓባይ ማዶ፣ አንዲት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አሁንም ከእኛ ጋር ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለኤግዚቢሽኑ የሚሆን አሮጌ ነገር መቼም አይጠፋዎትም» አለችኝ። «አሮጌ ነገርማ እኔ ራሴ አለሁልሽ» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋው ክፍሉ ከበፊቱ የባሰ ጭር አለብኝ።

ክፍሉ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተጀመረበት ሰገነት ላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ አንዲት ክፍል። አሁን «የአዲስ አበባ ጉዳይ ማስፈጸሚያ» ይሏታል። እዚህ ከተማ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ማስረጃ ሲፈልጉ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔ ማመልከቻቸውን ተቀብዬ እልካለሁ፣ ሲመጣም እሰጣለሁ። በቀን ሦስት አራት ሰው ይመጣል። ማንም የማይመጣበት ቀንም አለ፤ ያን ቀን የገዛ ድምፄን የምሰማው የሕንፃውን ጥበቃ «ደህና ዋልክ?» ስለው ብቻ ነው። ግቢው ዓባይ ማዶ ሲዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ተጠቃሎ ሲሄድ፣ ለእኔም «ነይ» ተብሎ ነበር። አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ ሁለት ክፍል ነበረን። ከታችን ያከራዩን የሐጂ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ወለላችን ጣውላ ስለሆነ፣ ታች ጆንያ በተገላበጠ ቁጥር የበርበሬው ብናኝ በስንጥቁ ሾልኮ ይመጣና ክፍሉን ይሞላዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ቀዩ ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። ከታች የተሸካሚዎቹ «ዞር በል! ዞር በል!»፣ የጋሪ ጎማ ኳኳታ፣ ዋጋ የሚከራከር ሰው ድምፅ። ከላይ የጠመኔ ፍጭጭታ። እናም ማስነጠስ።

የማስነጠሱ ነገር ቀልድ አልነበረም። አንዱ ያስነጥሳል፤ ክፍሉ በሙሉ «ይማርህ!» ይላል፤ እሱም «ያኑራችሁ!» ብሎ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሹ በምርቃት ያልቅ ነበር። በመጨረሻ መሥራቹ ሕግ አወጡ፦ «ከእንግዲህ ይማርህ የሚባለው ትምህርቱ ሲያበቃ፣ ለሁላችሁም ባንዴ ነው። በመሀል የሚል ሰው ሰሌዳ ያጠፋል» አሉ። ሕጉ ተከበረ። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም አከበረው፤ ስለ እሷ እመጣበታለሁ።

መሥራቹን ሰፈሩ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ እኛ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከዓባይ ማዶ መጥተው ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ኮሌጅ ለመክፈት ከዚህ የተሻለ ቦታ የሚከራያቸው አላገኙም። ያም ሆኖ ሰሌዳው ፊት ቆመው «ይህ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ይሆናል፤ ተማሪ ከተማ አቋርጦ ይመጣበታል» ይሉን ነበር። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ወላሂ ቲቸር፣ አንተ ከዚህ ጣውላ ላይ ዩኒቨርሲቲ ካወጣህ፣ እኔም ከዚህ በርበሬ ውስጥ አውሮፕላን አወጣለሁ!» ግን ኪራዩን አንድም ቀን አልጨመሩባቸውም።

እኔ የገባሁት ማትሪክ አልሳካልኝ ብሎ ነው። እናቴ ስትሞት ከጎንደር አምጥታ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቤቷ ተክለ ሃይማኖት፣ ሱቋ ጨርቅ ተራ ነው። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ስትመለስ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ዝም ትላለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደክሟት ነው። ቤታችን ውስጥ ከሰው ይልቅ ሬዲዮ ነበር የሚናገረው። ውጤቴ ሲመጣ አየችውና፣ «ጎጃም በረንዳ የወደቀ ልጅ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ተከፍቷል ይላሉ። ሂጂ እስቲ፤ ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ» አለችኝ።

አሥራ አራት ተማሪዎች ነበርን። ከእኔ በቀር ሁሉም ነጋዴ ወይም የነጋዴ ልጅ ነው። ከሱቃቸው ሮጠው ይመጣሉ፣ ሮጠው ይመለሳሉ፤ እርስ በርስ የሚጠራሩት በሱቅ ስም ነው። እኔ የምሸጠው የለኝ፣ የምገዛው የለኝ። ሁለት ሁለት የሚያስቀምጥ አግዳሚ ላይ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው። ጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ደብተር አስቀምጥበት ነበር፤ ሰው የያዘው እንዲመስል።

እንዲህ ስንል፣ ለኮሌጁ ፈቃድ የሚሰጡት ገምጋሚዎች እንመጣለን አሉ፤ የመረጡት ቀን ደግሞ የገና ዋዜማ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ገና ካሁኑ ሳቀ መሰለኝ። በገና ዋዜማ መርካቶ ውስጥ ሱቁን ጥሎ ክፍል የሚቀመጥ ሰው ካለ አንድም ታሟል፣ አንድም ከስሯል። ጋሼ ግን ሌላ ቀን ይሁንልን ለማለት ፈሩ፤ ቀኑን ካራዘሙብኝ ፈቃዱንም ያራዝሙብኛል ብለው ነው። ያን ዕለት ጠዋት ክፍሉ ውስጥ እኔና ደብተሬ ብቻ ተገኘን።

መርካቶ አንድ ልማድ አለው። ገዢ የጠየቀህ ዕቃ ከሌለህ የለኝም አትልም። «አረፍ ይበሉ፤ አሁን ይመጣል» ብለህ ከጎረቤት ሱቅ ታመጣለህ። ጋሼም ብረት ደረጃውን ወርደው፣ «ሐጂ፣ ሰው አበድረኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

«ስንት?»

«አሥራ ሦስት።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለአንድ ሰዓት።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ተሸካሚዎች፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሚዛን ያዡ፣ በረንዳው ላይ ጆንያ የሚሰፉ ሴቶች፣ ሁሉም ከደጁ የውኃ በርሜል ፊታቸውን ተጣጥበው ወደ ላይ ወጡ። ጋሼ ለእያንዳንዳቸው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ሰጡ። ከጆንያ ሰፊዎቹ አንዷ ደብተሬን ብድግ አድርጋ ጎኔ ተቀመጠች። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ወስፌዋን ሻሿ ላይ እንደሰካችው ነበር። «አንቺ የእውነት ተማሪ ነሽ ወይስ እንደኛ ብድር?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጎንበስ አልኩ። ያን ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሚዛን ያዡን ብድግ አድርጎ «ሥራ አመራር ማለት ምን ማለት ነው?» አለው። ሚዛን ያዡ ጣሪያውን አየ፣ ጋሼን አየ። «እሱን ገና አልደረስንበትም» አለ። ጋሼ በኮታቸው እጅጌ ላባቸውን ሲጠርጉ አስታውሳለሁ። ይሄኔ ጎኔ ያለችው እጇን አወጣች።

«ጆንያ ሊቀደድ ሲል ያስታውቃል» አለች። «ክሩ ይነጣል። እህሉ ሳይፈስ አይቶ መስፋት ነው።»

ገምጋሚው ቀና ብሎ አያትና የተናገረችውን ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ከታች አንድ ጆንያ ዱብ አለ፤ ቀዩ ብናኝ ወጣ፤ ተበዳሪውም አበዳሪውም ገምጋሚውም ባንድ ላይ አስነጠሱ። «ይማርዎት! ይማርዎት!» ሆነ። ሳቅ በሳቅ ሆነው ወጡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈቃዱ መጣ።

የተዋስነው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷ ብቻ በገና ማግስት፣ ወስፌዋን ሻሿ ላይ እንደሰካች፣ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። «ጋሼ፣ ያቺ ቦታ ባዶ ከሆነች…» አለች። ጋሼ ባዶውን ቦታ አዩ። «ተቀመጪ» አሏት። ትምህርቱ ሲያበቃ አስቀርተው ለብቻዋ ሲያነጋግሯት፣ እኔ ደረጃው ሥር ሆኜ እጠብቃት ነበር። ስትወርድ «ምን አሉሽ?» አልኳት። «ጎበዝ አሉኝ» አለች።

ስሟን አልነግራችሁም። ሊጠራ በሚገባው ቦታ ያልተጠራን ስም እንዲሁ እንደ ወሬ ማንሳት ይከብደኛል።

አባቷ ሲሞት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነበር ያቋረጠችው፤ ማትሪክ የሚባለውን ደጁንም አላየችም። ግን ጭንቅላቷ ምላጭ ነው። እኔ ሦስቴ አንብቤ የሚገባኝን እሷ ጆንያ እየሰፋች ባነበብኩላት በአንዴ ትይዘዋለች፤ ይዛም በሰፈሩ ነገር ትተረጉመዋለች። ጋሼ ሲያስተምሩ አንዳንዴ ንግግራቸውን ቆም አድርገው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይሏት ነበር። ፈተና ትፈተናለች፣ ጋሼም ያርሙላታል፤ ከሁላችን የምትበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማስነጠስ ይዞኝ ስሰቃይ ደግሞ፣ ሕጉን ጥሳ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ይማርሽ» ትለኛለች። ስንት ጊዜ ሰሌዳ አጥፍታለች! ጠመኔውን ከእጇ እያራገፈች ስትመለስ ትጠቅሰኛለች።

ከትምህርት በኋላ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ አብረን እንሄድ ነበር። አንድ ጥብስ በቆሎ ለሁለት ሰብረን እየፈለፈልን፣ ከጋሪና ከታክሲ እየተጋፋን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እሷ ወደ ኪራይ ቤቷ ትታጠፋለች፤ እኔ ደግሞ እሷ ከዓይኔ እስክትሰወር ቆሜ፣ የመጣሁበትን መንገድ ወደ አክስቴ ቤት እመለሳለሁ። መንገዴ በዚያ አልነበረም። እሷም ይህን ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ግን «ተመለሺ» አላለችኝም። «እቴ፣ በቆሎው ገና አላለቀም» ትለኛለች እንጂ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ የመመረቂያችን ጊዜ ደረሰ።

የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባል ነበርና ጋሼ የተመራቂዎቹን ዝርዝር እንድጽፍ ሰጡኝ። ያን ቀን ቢሮ የምንላት ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ በፊደል ተራ አሥራ አራት ስም ጻፍኩ። ከዚያ የእሷን ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ።

«እሱን አትጻፊ» አሉኝ ጋሼ። «እሷ ማትሪክ ጭራሽ አልተፈተነችም። ዲፕሎማ ልሰጣት አልችልም፤ ብሰጣትም የሚቀበልልኝ የለም።»

«ነግረዋታል?» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። «እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ» አሉኝ። «ጓደኛሽ ናት።»

በልቤ ምን ያህል እንደረገምኳቸው! ከባዱን ነገር እኔ ላይ ጥለው የሸሹ መሰለኝ። ዝርዝሩን አጣጥፌ ሰጠኋቸውና ወጣሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትሰፋ ነበር። «ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ጠቁሯል?» አለችኝ። በርበሬው ነው አልኳት።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲደርስ ለከነገ ወዲያ አስተላለፍኩት። የፈራሁት እንባዋን አልነበረም። ይህን ስትሰማ ትሄዳለች፣ ያቺም ቦታ እንደገና ባዶ ትሆናለች፣ እኔም ደብተር ወደማስቀመጤ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ለእሷ አዝኜ ዝም አልኩ ብል ውሸት ነው፤ ለራሴ ነው ያዘንኩት።

ጋዋን ከየት ይመጣል የሚለው ደግሞ ሌላ ጭንቅ ሆነ። የሚያከራይ ፈልገን አጣን። እሷ «ጨርቁን አምጡልኝ እንጂ ስፌቱን ለእኔ ተዉት» አለች። አክስቴን ለመንኳት። አክስቴ ከሱቋ መደርደሪያ ላይ ጥቁር ጣቃ አወረደች። «ይሄ ለሐዘንተኛ ያመጣሁት ከል ነው» አለችኝ። «እስቲ አንዴ እንኳ ለደስታ ይዋል።»

ሁላችንንም የለካችን በጆንያ መስፊያ ሲባጎ ነው። የትከሻችን፣ የእጃችን፣ የቁመታችን ልክ ሲደርስ ሲባጎው ላይ ትቋጥራለች፤ ከዚያ በየስማችን ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። አሥራ አራት ሲባጎ ተሰቀለ። አሥራ አምስተኛውን ዘርግታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«በይ አንቺ ደግሞ ለኪኝ» አለች።

ለካኋት። ሲባጎውን ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አወረድኩት። ዝቅ ብዬ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። «በቂ ነው?» አለችኝ። «በቂ ነው» አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ? አይተርፍም?» አለችኝ ደግሞ። «አይተርፍም» አልኩና ቋጠሮውን ቋጠርኩት። እነዚህ እጆቼ ናቸው የቋጠሩት።

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ባዋሳት የእግር ስፌት መኪና አሥራ አምስቱንም ጋዋን ሰፋች። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ጠርዙን እይዝላት ነበር። አንድ ቀን መኪናውን አቁማ፣ «ስም የሚጠሩት በፊደል ተራ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የእኔ እንግዲህ ከመጨረሻዎቹ ነው» አለችና አየችኝ። ረዘም አድርጋ ነው ያየችኝ። እኔ ክር አቀብላት ጀመር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የእኔ ዝምታ ግን ያኔውኑ ነቅዟል፤ የማየው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የምረቃው ቀን ሐጂ መጋዘኑን አስለቅቀው ግቢውን አስጠረጉልን። እንግዶች በተደራረበ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የየሱቁ ቤተሰብ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። አክስቴ ገበያ ቀን ነው ብላ ቀረች። ጓደኛዬ ግን ጋዋኗን ለብሳ ጎኔ ነበረች፤ የአንገትጌዬን መታጠፍ አስተካከለችልኝ። አንገትጌዎቻችን ውስጥ የየራሳችንን ስም በነጭ ክር ጽፋልን ነበር።

የእኔ ስም ሲጠራ እልልታው ከጎኔ ፈነዳ። ብቻዋን ነው የጀመረችው፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ያሉት ጆንያ ሰፊዎች ተቀበሏት፣ ከዚያ ተሸካሚዎቹ በፉጨት ደገሙት። ለማንም ለባለ ሱቅ እንዲህ አልተባለለትም። ወረቀቴን ተቀብዬ ስመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ተቀመጥኩ። ስሞች ቀጠሉ። አሥራ አራተኛው ተጠራ። ጋሼ ዝርዝሩን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቀና ብለው ወደ እኛ ሳያዩ ንግግራቸውን ጀመሩ።

እሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ጭብጨባው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ጨረሱ?»

«ጨረሱ።»

«የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

ያኔም እንኳ ጊዜ ነበረኝ። ዓለም ሁሉ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ፤ እንዳትስቁብኝ፣ ብትስቁም ግድ የለም። «እንኳን ደስ አለን» አልኳት።

ፈገግ አለች። ተነሥታ ጋዋኑን አወለቀች፤ ባዶ ጆንያ እንደሚታጠፈው አራት ላይ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ በጭነት መኪናዎቹ መሀል አልፋ ሄደች። በቆሎ ልትገዛ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ በረንዳው ላይ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያም የለችም። አንዷ ሻሸመኔ ሄዳለች አለችኝ፣ ሌላዋ አግብታለች አለችኝ። ኪራይ ቤቷን ሄጄ አንኳኳሁ፤ የማላውቀው ሰው ከፈተልኝ።

ኮሌጁ ግን አደገ። በዓመቱ ሁለተኛውን ሰገነት ያዝን። ቀጥሎ ድልድዩ አጠገብ ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ ከዚያ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሙሉ ሕንፃ። አንዲት የቆርቆሮ ታፔላ ነበረችን፤ በየደረጃው ሠዓሊው እየመጣ በላይዋ ይቀባል፤ ኮሌጅ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ። ቃሉ ሲረዝም ፊደሉ እየጠበበ መጣ። ለጋሼ የትውልድ ከተማቸው መሬት ሰጠቻቸው፤ ዓባይ ማዶ በር ያለው፣ አጥር ያለው፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ቆመ። ሐጂ ለግቢው ምረቃ በአውቶቡስ ተጉዘው ሄደው፣ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ አሉ። «አውሮፕላኑን ረሳሁት» ብለው ለጋሼ ነገሯቸው። አሁን በየዓመቱ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ጋዋን የሚለብስ ልጅ ስንት እንደሆነ እኔም አልቆጥረውም።

እኔ እዚሁ ቀረሁ። የበርበሬው መጋዘን የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ ጣውላው በሲሚንቶ ተተክቷል፤ የብረት ደረጃው ግን ያው ነው። ብትመጣ የምታውቀው መንገድ ይህ ደረጃ ብቻ ነውና፣ ዓባይ ማዶ ብሄድ እንዴት ታገኘኛለች ብዬ ነው። አያችሁ፣ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው።

ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ናቸው። አርጅተዋል፤ ለሕክምና ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ከመጡ ሰንብተዋል። በዓሉ ሳይደርስ የጀመርኩበትን ልየው ብለው ነው፣ በየሁለት ደረጃው እያረፉ የወጡት። ወንበር ሳብኩላቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ጋዋን አዩ።

«ይሄ የአንቺ ነው?»

«የእሷ ነው» አልኩ።

ማን እንደሆነች አልጠየቁኝም። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት የታፈነው ነገር ገነፈለብኝ። እንዳልነገርኳት፣ ስለካት እንኳ አፌ እንዳልተከፈተ፣ ሰው ፊት ስሟን እየጠበቀች እንድትዋረድ ያደረግኋት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«እሷኮ ታውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«በገና ማግስት ነው የነገርኳት። ተማሪ፣ ተፈተኚ፤ ወረቀት ግን ልሰጥሽ አልችልም አልኳት። 'ወረቀቱን ምን ላደርገው ጋሼ፣ ጆንያ ልጠግንበት?' አለችኝ።»

እጄ ጋዋኑ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለራሷ ለምን ሰፋች?»

«እኔም ጠየቅኋት። 'ያቺ ልጅ ሰው የላትም፤ የዚያን ቀን ጎኗ ልቀመጥ' አለችኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዝርዝሩን ስትጽፊ እውነቱን ልነግርሽ ነበር። የከለከለችኝ እሷ ናት። 'እሷ ትንገረኝ' አለች። 'ጓደኛዬ ከሆነች ትነግረኛለች።' ለዚህ ነው ለአንቺ ትቼዋለሁ ያልኩሽ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«የተነጋገራችሁ መስሎኝ» አሉ ጋሼ። ዓይናቸው ውኃ ሞላ። «እኔ እኮ የተነጋገራችሁ መስሎኝ ነበር።»

ደግፌ አወረድኳቸው፤ ልጃቸው መኪና ውስጥ ትጠብቃቸው ነበር። ተመልሼ ወጣሁ። የጋዋኑን አንገትጌ ገልብጬ አየሁት። ነጭ ክር የለበትም፤ የሁላችንን ጽፋ የራሷን ትታዋለች። ይህን ድሮም አውቃለሁ፤ ጊዜ አጥሯት ነው እል ነበር።

ለኤግዚቢሽኑ የራሴን ጋዋን እልክላቸዋለሁ። ይሄኛውን ትይዩዬ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ አለበስኩት፤ ትከሻው ልክ እንደ ሰው ቆመ። ጥበቃው እንዳይሰማኝ በሩን ገፋ አደረግሁት። ከዚያ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ያኔ በረንዳው ላይ ልላት የሚገባኝን አልኩ።

«ስምሽ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከፈለግሽ እኔም አልመረቅም፤ ነይ በቆሎ እንብላ።»

ከጨርቁ ላይ ያ አሮጌ በርበሬ ተነሣና አስነጠሰኝ። አንዴ፣ ደግሞ ሌላ። እንደ ልማዴ ትንሽ ጠበቅሁ። ይማርሽ የሚለኝ አልነበረም።